ለአንዲት ላም ምስክርነት እስከ ጨፋ ሮቢት

ከከሚሴ የተነሳሁት ረቡዕ ማለዳ ነው። ለንግድ አይደለም፣ ለለቅሶም አይደለም። ጥጃ እናቱን ያውቅ እንደሆነ ልፈትን ነው። ሽማግሌው አብዷል የምትሉ ካላችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ በሉኝ።

እኔ የሌባ ታሪክ እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ ስለሆነ እጄ ቀርፋፋ ነው። ሱብሂ ሰግጄ፣ ፀሐይ እስክትከር ደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በእርሳስ እጭራለሁ። በቀለም አልጽፍም፤ ቀለም ስህተትን አይመልስም። ሌባውን አስቀድሜ እመርጥና ዱካውን ወደ ኋላ እየተከተልኩ እመጣለሁ። በኔ ታሪክ ሰው አይገደልም። ዶሮ ብትሞት እንኳ ለወጥ ነው። ስጨርስ ለባለቤቴ ለሩቂያ አነብላታለሁ። ሌባውን ቀድማ ካወቀችው ወረቀቱ እሳት ማያያዣ ይሆናል፤ ካላወቀችው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሻይ ቤት አነበዋለሁ።

ባለፈው ዓርብ ያነበብኩት ስለ ተሰረቀች ላም ነው። ላሚቱ ግንባሯ ነጭ ነው፤ ሌባው ጥላሸት በቅቤ ለውሶ ነጩን ደበቀው። አገሩ ሌባውን ለማውጣት ለአውጫጭኝ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ጥጃውን ቢለቁት ሮጦ እናቱን ያዘ፣ ሌባውም ታወቀ። ሰው ሁሉ ወደደው። ከብት ነጋዴው አህመዴ ብቻ ተነሳ።

"አያ ሰይድ፣ ይሄ ውሸት ነው። ጥጃ ሞኝ ነው፣ ያገኘውን ይጠባል።"

"አንተ ከብት ሸጠህ እንጂ አሳድገህ ታውቃለህ?"

"እንፈትነዋ!"

ሰው ሳቀ። እኔም ተናደድኩ። "ወላሂ፣ ጥጃው ከሳተ ይቺን እርሳስ ለቦርከና ወንዝ እሰጣታለሁ። እዚህ ቤትም ሁለተኛ አላነብም!" አልኩ። ከማልኩ በኋላ መመለስ አላውቅም።

በመኪና ላይ

ከአህመዴ ጋር እህል የጫነ መኪና አገኘንና ለየራሳችን ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን ጆንያው ላይ ወጣን። የጨፋ ሸለቆ ማሽላው እሸት ይዟል። ሣሩ ከማደጉ የተነሳ የከብቱ ቀንድ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ይህን ልይ ስል አህመዴ አላስቀምጥ አለኝ።

"እርሳሷን ይዘሃታል? ቦርከና እየጠበቀ ነው።"

"አንተን ነው የሚጠብቅህ" አልኩት።

ጨፋ ሮቢት

ገበያው ሞልቷል። የተጠበሰ እሸት በአምስት ሳንቲም ገዝተን በላን። አህመዴ ለከብቶቹ ጨው ሲገዛ፣ ሲያነሳ ሲጥል ቆየና እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገ። ከዚያ ቦቃ የምትባል ግንባሯ ነጭ ላም ወዳላት ታናሽ እህቴ፣ ወደ ዘይነባ ቤት ሄድን።

"አካም ቡልተን?" ብላ እንዴት እንዳደርን በኦሮምኛ ጠየቀችን።

"ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሃምዱሊላህ" አልናት። የመጣሁበትን ስነግራት ወገቧን ያዘች።

"ቦቃን ጥላሸት ልትቀባት? ምን ባጠፋች?"

"ለምስክርነት ነው፣ እህቴ።"

"ታዲያ ቅቤውን ከሩቂያ ጓዳ አታመጣም ነበር?"

እያጉረመረመች ቅቤውን ሰጠችን። የቦቃን ነጭ ግንባር አጠቆርነውና ከጎረቤት ላሞች ጋር ቀላቀልናት። ጥጃው እንደ ልማዱ ታስሮ ስለነበር ርቦታል። ቢስሚላህ ብዬ ለቀቅሁት።

ሮጠ። ቦቃን አልፏት ሄደ! በቀጥታ አህመዴ ዘንድ ደርሶ ሽርጡን ይልስ፣ ይጠባ ጀመር።

"ልጄ!" አለ አህመዴ በሳቅ እየተንፈራፈረ፤ "እናትህን አገኘሃት!"

እርሳሷን ከኪሴ አወጣሁ።

"ወንዶች፣ ዓይናችሁ የት ነው?" አለች ዘይነባ። "ቦቃን እዩዋት እንጂ!"

ቦቃ አንገቷን ወደ ጥጃው ዘርግታ እምቧ ትላለች። ከጡቷ ወተት መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ከሌሎቹ ላሞች አንዷም ቀና አላለች።

ወደ አህመዴ ዞርኩ። "ሽርጥህን አስልሰኝ ብዬ ልለምንህ ነው ወይስ ራስህ ትናገራለህ?"

"ጨው ነው!" አለ ደንግጦ። "ወላሂ፣ ሆን ብዬ አይደለም!"

ዘይነባ ፈረደች፦ "ላሚቱ አወቀች፣ ጥጃው ግን ሳተ። ወንድሜ፣ የማልከው በጥጃው ነው።"

እውነቷን ነው። ቦርከና ዳር ወርጄ እርሳሷን ወረወርኳት። አህመዴ ሳቁን አቆመ። ወደ ገበያ ተመልሶ አዲስ እርሳስ ገዝቶ መጣ።

"የማልከው በዚያችኛዋ ነው" አለኝ። "እኔ ዓርብ ዓርብ ምን ልስማ?"

ከሚሴ

ማታ ቤቴ ገባሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይሄ ነው፦ ስለ ላም የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ላም ዘንድ ይሂድ፤ ሲሄድም የሚከራከረውን ሰው ይዞ ይሂድ። በማግስቱ መጨረሻውን እንደገና ጻፍኩት። ሩቂያ ሌባውን አላወቀችውም።

ዓርብ ሻይ ቤቱ ሞላ። እኔ እዚያ ላላነብ ስለማልኩ ወረቀቱን ለአህመዴ ሰጠሁት፤ በንባብ ከኔ ይሻላል። ደስ ብሎት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ጥጃው ሲለቀቅ፣ ወተቱ ሲንጠባጠብ አልፎ፣ ሽማግሌዎቹ ጥጃው ለምን እንደሳተ ከሚጠይቁበት ደረሰ።

"ሌባው ጨው የነካ እጁን... ሽርጡ ላይ..."

ቆመ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ሽርጡን ያያል።

"አያ ሰይድ!" አለኝ።

"አንብብ" አልኩት። "እኔ ምያለሁ።"