ሽሮ ልጨምርልዎት?

ትናንት ከሰዓት እኛ ቤት የእናቴ ማኅበር ነበር። እኔ እንደ ሁልጊዜው ድስቱን ይዤ በሴቶቹ መሀል እዞራለሁ። ሰው እንዳያናግረኝ ጎንበስ ብዬ ሽሮ መጨመር ነው ሥራዬ።

ከማኅበርተኞቹ አንዷ የቫይታሚን እንክብል የምትሸጥ ወጣት ይዛ መጥታ ነበር። ጥፍሯን የተቀባች፣ አነጋገሯ ዜና የምታነብ የሚመስል። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስመጣችኝ። ከቦርሳዋ ቁስል ላይ የሚደረገውን ቡናማ አዮዲን አወጣችና ሁለቱም ላይ ጠብ ጠብ አደረገች። ውሃው ዝገት መሰለ።

«ይሄ የእናንተ ደም ነው» አለች። «ብረት እንደሚዝገው ሰውነታችንም ከውስጥ ይዝጋል። ሐኪሞች ኦክሲደቲቭ ስትረስ ይሉታል። ስኳር በሉት፣ ግፊት በሉት፣ ኩላሊት በሉት... ሁሉም የሚመጣው ከዚሁ ነው።»

ከዚያ አንድ እንክብል ፈልቅቃ ዱቄቱን አንዱ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረችና በማንኪያ አማሰለችው። ውሃው ጠራ... ምንም እንዳልነካው ሆነ። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። አንዷማ አማተበች።

«እንዲህ ከሆነማ መርፌው ምን ይሠራል?» አሉ አደይ ለተይ።

አደይ ለተይ ጎረቤታችን ናቸው፤ አደይ የምንላቸው እናት ለማለት ነው። ከኛ በር ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ አላቸው። ስኳር እንዳለባቸውና ኢንሱሊን እንደሚወጉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ራሳቸው ናቸው የሚያወሩት። ይሄን ሲጠይቁ ግን የሚያዩት ወደ ሻጯ ሳይሆን ወደኔ ነበር። ድስቱን የሚያዩ መሰለኝ።

«ቀስ እያለ አያስፈልግዎትም፣ እናቴ» አለች ሻጯ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔም ስኳር አለብኝ። እኔም እወጋለሁ። በሰፈሩ ከእናቴ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር የማስበው። እናቴ «ወሬው ከወጣ ማን ያገባሻል» ትላለች። እኔ ደግሞ እንዲሁ አፍራለሁ... ጓዳ ገብቼ፣ መጋረጃውን ጎትቼ ነው የምወጋው።

ዓይደር ሆስፒታል ለክትትል ስሄድ ነርሷ ያለችኝን በቃሌ አውቀዋለሁ። ዝገት የሚባለው ነገር ጭራሽ ውሸት አይደለም ብላኛለች። ስኳር ከፍ ብሎ ሲከርም ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ እግርን ቀስ በቀስ ከውስጥ ይበላል። የሚይዘው ግን ስኳሩን የሚያወርደው መርፌ ነው፤ ቫይታሚን የመርፌን ቦታ አይተካም። «መርፌውን ካቆምሽ ደግሞ ዝገቱ እስኪደርስብሽም አትቆዪ፣ ቶሎ ነው የምትወድቂው» አለችኝ። ወድቄም አውቃለሁ። ትምህርት ያቋረጥኩት ያኔ ነው።

ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ መናገር ያለብኝ እኔ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ። እናቴ አየችኝ። አደይ ለተይም አዩኝ። 

«ሽሮ ልጨምርልዎት?» አልኩ።

አደይ ለተይ ሳህናቸውን ወደኔ ገፋ አደረጉ። «ጨምሪ፣ ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ አንድ ብልቃጥ እንክብል ገዙ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ዕቃ ሳጥብ ያ ሁለተኛው ብርጭቆ እንደ ዛገ ተቀምጧል። ለሰላጣ ከተቆረጠው ሎሚ ግማሹ ተርፎ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጨመቅኩበት።

ጠራ።

ሎሚ ስኳር የሚያድን ቢሆን እኔ ድሮ ድኜ ነበር። እጄን ሳልለቀለቅ፣ ከነሳሙናው ወጥቼ ሮጥኩ።

አደይ ለተይ ሱቃቸው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ብልቃጡ ባንኮኒው ላይ ተከፍቷል።

«አደይ... መርፌዎን እንዳይተዉ።»

«ማን አለ?»

«ነርሷ።»

«የቷ ነርስ? አንቺን ከነርስ ምን አገናኘሽ?»

 እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየኋቸው። «እኔም እወጋለሁ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

አልደነገጡም። ተነሥተው የለስላሳውን ፍሪጅ ከፈቱ። ከጠርሙሶቹ ኋላ በጥቁር ፌስታል የተቋጠረ ነገር አውጥተው ፊቴ አስቀመጡት። ኢንሱሊን ነው። ካርቶኑ ላይ ስሜ ተጽፎበታል።

እኛ ቤት ፍሪጅ የለም። የጀመርኩትን ብልቃጥ እንዲቀዘቅዝ እርጥብ አሸዋ ባለበት ማሰሮ ውስጥ ነው የማኖረው። ያልተከፈተውን ግን እናቴ «አክስትሽ ጋ ነው» ትለኝ ነበር።

«እናትሽ የእህቴ ነው ብላ ነው ያስቀመጠችው» አሉ አደይ ለተይ። «ማንበብ የማልችል መስያት ይሆናል።» ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉት።

«ያን ጥያቄ የጠየቅኩት አንቺን ነበር እኮ፣ ጓለይ። ያቺ ነጋዴ ናት፣ ምን ልትለኝ? አንቺ ግን ትወጊያለሽ። ውሸት ከሆነ በሆነ ነገር ታሳውቀኛለች ብዬ ዓይን ዓይንሽን አየሁ። ዝም ስትይ... እውነት ነው ማለት ነው ብዬ ገዛሁ።»

የት ልግባ... ዓይኔን ከፌስታሉ ላይ ማንሣት አቃተኝ።

«የማታውን ተወጉ?» አልኩ እንደምንም።

«አልተወጋሁም። ለዛሬ ይሄን ልሞክር ብዬ ነበር።»

ከዚያው ፍሪጅ የራሳቸውን አውጥተው ሊወጉ ተዘጋጁ። እኔ ቶሎ ብዬ የሱቁን በር ገርበብ አደረግኩት።

«ለምን ትዘጊዋለሽ?» አሉኝ። ከምራቸው ነበር የጠየቁኝ።

መልሼ ከፈትኩት።

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስሄድ ሱቁ ሰው ሞልቶታል። አደይ ለተይ ገና ሲያዩኝ «መጣሽ ጓለይ? ዛሬስ ሽሮ አለ?» አሉኝ።

«የምን ሽሮ ነው?» አለች አጠገቤ የቆመች ሴትዮ።

አደይ ለተይ አልመለሱላትም። ልክ እንደ ትናንቱ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። አፌን ከፈትኩ...

«ዳቦ ይስጡኝ» አልኩ።

ለእናንተ እንኳ የነገርኳችሁ ስሜ እዚህ ገጽ ላይ ስለማይታይ ነው።