የአናጢ ቤቱ ሽቦ

ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ተናዝዣለሁ፤ ሰው ማማቴን ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን ስንት ጊዜ ከምላሴ ጫፍ መልሼ ዋጥሁት! እነሆ አርጅቻለሁ። አንባቢዬ ሆይ፣ ስማኝ። ሰው ገድያለሁ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስን በያዘ ጊዜ በጦር ሰፈሩ ውስጥ የመብራት ሠራተኛ ነበርሁ። አገሬው ዱር ሲገባ እኔ ለጠላት ሽቦ እዘረጋ ነበር፤ ይህም ራሱን የቻለ ኃጢአት ነው፤ ዛሬ የምናዘዘው ግን እርሱን አይደለም። መብራት ከሚሰጠው ሞተር ቤት በስተጓሮ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ አንድ የአናጢ ቤት ነበር። በዚያ የሚሠራው አያ ደሴ የሚባል፣ ሳቂታ፣ ማንንም የማይነካ፣ ዕድሜውን ሙሉ በእጅ መጋዝ የኖረ አናጢ ነው። አንድ ቀን በኤሌክትሪክ የሚዞር ትልቅ መጋዝ መጣለትና ካፖው፣ ማለት ጣልያኑ አለቃችን፣ ኃይሉን እስከዚያ እንዳደርስ አዘዘኝ። ገመዱን ከመጋዘን ራሴ እንድመርጥ ነግሮኝ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ።

መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ገመድ ነበር። አንዱ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ጥቁር ላስቲክ የለበሰ፤ ከሲሚንቶ ክምር ጀርባ ጎትቶ ለማውጣት አራት ሰው፣ መሬት ውስጥ ለመቅበር የሁለት ቀን ቁፋሮ የሚጠይቅ። ሌላው ጨርቅ የተጠቀለለበት ቀጭን የአምፖል ሽቦ። ቀጭኑ የዚያን መጋዝ ኃይል እንደማይችል፣ ግሎ እንደሚቃጠል አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር! ካፖው ራሱ አስተምሮኛል። ነገር ግን በዚያው ሰሞን በሰው ፊት ሰነፍ ብሎ አዋርዶኝ ነበርና፣ ሲመለስ መጋዙ ሲዞር እንዲያገኘው ፈለግሁ። ቀጭኑን መረጥሁ። ከዛፍ ዛፍ አንጠልጥዬ ከቀትር በፊት አደረስሁት። ካፖው መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሰው የገደልሁት ለዚህች ነው።

መጋዙ ጥቂት ቀን እንደሠራ አያ ደሴ መጣ።

«ወንድሜ፣ ይህ ሽቦህ ይግላል። እጄን ሳስጠጋበት ከረመጥ እንደወጣ ድንች ነው። ደግ ነው?»

«የኤሌክትሪክ ጠባዩ ነው፣ አያ። አንተ እንጨትህን እወቅ» አልሁት።

ሳቀ። «እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ተመለሰ። አመነኝ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ብቀይረው ምን ነበረበት? ለካፖው ተሳስቻለሁ ማለት ነበረበት። ያችን ቃል ፈራሁ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ማለዳ መጋዙ ሲያጓራ ሰማሁ፤ እንጨት ሲቆርጥ ግን ድምፁ አልሰማ አለኝና ሄድሁ። የአናጢ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ወለሉ ረጥቧል። የሽቦው ልባስ ከስሎ፣ የተራቆተው ሽቦ የመጋዙን ብረት ነክቷል። አያ ደሴ ፍቅፋቂው ላይ በጀርባው ወድቋል። ሞቶ ነበር።

ካፖው አንድ መኮንን አስከትሎ መጣ። ሽቦው ምን ሆነ ብለው ጠየቁኝ። «ሟቹ በቢላዋ ሲነካካው አይቻለሁ» አልሁ። ይህችን ብቻ። እነርሱ ደግሞ የቀረውን ራሳቸው ሞሉት፤ የሽፍቶች ወዳጅ ነበር፣ መጋዙን ሊያበላሽ ነው አሉ። በማግሥቱ የአያ ደሴን መኖሪያ ቤት አቃጠሉት። ሚስቱ ጥሩነሽ ሴት ልጇን አዝላ በዝናብ ወደ ዘመዶቿ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ ሄደች። እኔ ስትሄድ አየኋት።

ጠላት ከወጣ በኋላ ሰው ሁሉ አያ ደሴ የጠላትን ሽቦ ሲቆርጥ ሞተ ይል ጀመር። የፈጠርሁት ውሸት ዞሮ ክብር ሆነለት። ጥሩነሽ ይህን ሰምታ እቤቴ ድረስ መጣች።

«መጀመሪያ የደረስህለት አንተ ነህ አሉ። እውነቱን ንገረኝ። ለአገሩ ነው የሞተው?»

«አዎ፣ እታለም» አልኋት።

ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። እርሷን ለማጽናናት ብዬ ነው እያልሁ ብዙ ዘመን ራሴን ሸነገልሁ። ውሸት ነው። ለራሴ ነበር። በዚያ የጀግና ሚስትነት ስም ተጽናንታ ኖራ፣ በዚያው ስም ተቀበረች።

ልጇ ዛሬ በደብረ ኤልያስ ቤት ትዳር ይዛለች። አምና ልነግራት ሄድሁ። «ከአባቴ ጋር የነበሩ ሰው ናቸው» ብላ ከሽማግሌዎቹ በላይ አስቀመጠችኝ፣ አበላችኝ፣ ልጆቿን አቅርባ «ይመርቁልኝ» አለችኝ። መረቅኋቸው። ሳልነግራት ተመለስሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ ይህ ጽሑፍ እጅሽ ከገባ ስሚኝ። አባትሽ የማንንም ሽቦ አልቆረጠም። እንጨት ሲሰነጥቅ የሞተ፣ ሰው የሚያምን ደግ አናጢ ነበር። የገደልሁት እኔ ነኝ፤ ስሙን የሸጥሁት እኔ ነኝ፤ እናትሽን ያታለልሁት እኔ ነኝ። ወጣት ነበርሁ አልልሽም። ዘመኑ ክፉ ነበር አልልሽም። የፈለግሽውን በይኝ፤ አልከራከርሽም።