ፍልሰታን የገደፈው ድንጋይ

ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ቆሜ ሳለ አባባ ደወሉ። እሳቸው የሚደውሉት ሰው ሲሞት ብቻ ስለሆነ ተማሪዎቼን ትቼ እየሮጥኩ ወጣሁ። «ምነው አባባ? ማን ምን ሆነ?» ብል፣ «ድንጋዩ ሸበተ!» አሉኝ። «ምኑ?» አልኩ። «አልሰማሽም እንዴ? ሸበተ እኮ ነው የምልሽ! ነይና እዪው» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ወደ ክፍል ስመለስ ምን እያስተማርኩ እንደነበር እንኳ ጠፍቶብኛል። ወይ አበሳዬ! ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ ያ ድንጋይ ዛሬም ከላዬ አልወረደም።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከሮብ ገበያ ከፍ ብሎ፣ የጮቄን ተራራ ተጠግቶ ባለ መንደር ነበር። ከቤታችን ጀርባ የገብስ ማሳችን አለ፤ ከእሱ ወዲያ ያለው ማሳ የጎረቤታችን የአያ ደሴ ነው። በሁለቱ መሀል አያቴ የተከሉት፣ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ የወሰን ድንጋይ ቆሟል። ያ ድንጋይ ከላይ እስከ ታች የድንጋይ ሽበት ለብሶ ነበር። ከተማ ላደጋችሁት ልንገራችሁ፤ የድንጋይ ሽበት ማለት ድንጋይ ላይ እንደ ቁስል ቅርፊት ተጣብቆ የሚኖር፣ አንዳንዱ ግራጫ፣ አንዳንዱ ብርቱካንማ የሆነ፣ በደረቅ ቀን በጥፍር ቢፍቁት እሺ የማይል ነገር ነው። በእኛ አገር ታዲያ ምስክር ነበር። የሸበተ ድንጋይ ከቦታው ያልተነቃነቀ ድንጋይ ነው። ወሰን የሚገፋ ሰው አዲስ ድንጋይ ቢተክል መላጣው ያሳብቅበታል፤ ሽማግሌም ለወሰን ጠብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ሽበቱን ነው።

እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ስለ ወሰን ምን በወጣኝ! የእኔ ጉዳይ ዕቃ ዕቃ ጨዋታ ነበር። ጭቃው ሊጤ፣ የአመጃ ቅጠሉ ጎመኔ፣ ስባሪ ገሉ ድስቴ ነው። የጎደለኝ በርበሬ ብቻ ነበር። አንድ የሰኔ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ በኋላ ድንጋዩን ስነካው ያ እሺ አልል ያለ ቅርፊት ውኃ ጠጥቶ ለስልሷል። የተሰበረ ማጭድ አመጣሁና ፋቅሁት፣ ፋቅሁት፣ ፋቅሁት። ብርቱካንማው በርበሬ፣ ግራጫው ሽሮ ሆነልኝ። ድንጋዩን እንደ ለቀስተኛ ራስ ላጨሁት። ያን ቀን የሠራሁት ወጥ መልኩ እንዴት እንደሚያምር! እርጥብ አፈርና የአመጃው ሽታ ተደባልቆ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ጎረቤት ልጆችን ጠርቼ አበላሁ፤ ማለት እንደበላን ሆነን ጠገብን።

በሐምሌ አያ ደሴ ከማሳው ወዲያ ማዶ ሆኖ ጮኸ። «ታከለ! ይኼ ምን ዓይነት ድንጋይ ነው? የአባትህን ድንጋይ የት አደረስከው?» ታከለ አባባ ናቸው። ሄደው ሲያዩት ድንጋዩ መላጣ ነው። ያን ክረምት ጎርፉ ዙሪያውን ስለሸረሸረው አፈሩም ትናንት የተቆፈረ ይመስላል። አያ ደሴ፣ አባባ አሮጌውን ነቅለው፣ ሌላ ድንጋይ ስድስት እርምጃ ወደ እሱ ገፍተው እንደተከሉ ለአገሩ ሁሉ አወራ። በእኛ አገር ወሰን ገፊ መባል ሌባ ከመባል ይብሳል። ሽማግሌ ተጠራ። ሽማግሌዎቹም «ታከለ፣ ማልና ይለቅ» አሏቸው። አባባ ግን አይምሉም! አባታቸው ሲሞቱ «በእውነትም ቢሆን እንዳትምል» ብለው አስጠንቅቀዋቸዋል። «ምስክሬ ድንጋዩ ነው፤ እስከ መስቀል ስጡኝ» አሉ። እስከ መስቀል ድንጋዩ ምን እንዲሆን አስበው እንደነበር እግዜር ይወቅ።

እኔስ? እኔ ከበር ኋላ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። «እኔ ነኝ ድንጋዩን የላጨሁት» ማለት አራት ቃል ነው። አራቱም ጉሮሮዬ ላይ ቀሩ። መጀመሪያ ዱላውን ፈራሁ። ቆይቶ ነገሩ ሲከብድ ደግሞ ከዱላው ይልቅ የአባባን ዓይን ፈራሁ።

ለአባባ አንድ ግንበኛ፣ አዲስ ድንጋይ አሬራ ቢቀቡት ቶሎ ይሸብታል ብሎ ነግሯቸው ነበር። ከግጦሹ ላይ ካለ ቋጥኝ ሽበት ፍቀው አመጡና በእማዬ ሙቀጫ ከአሬራ ጋር ወቀጡት። እማዬ «በርበሬዬን ምን ላይ ልወቅጥ ነው? ወጤ ድንጋይ ድንጋይ ሊል ነው እኮ!» ብላ ጮኸች፤ ማን ሰምቷት! አባባ ቡኮውን በእጃቸው ድንጋዩ ላይ መረጉት። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «ጠዋት ውኃ፣ ማታ አሬራ ታጠጪዋለሽ፤ ውሻም እንዳይልሰው ትጠብቂያለሽ» አሉኝ። ከስንት ልጅ መሀል እኔን! እምቢ አልል ነገር፣ በሆዴ ዕዳው የእኔ ነው።

አቤት ያየሁት መከራ! ጠዋት ዝናቡ ያጥበዋል። ቀን ዝንብ ይወረዋል። አመሻሽ ላይ የአያ ደሴ ውሻ ይመጣና እስኪጠራ ይልሰዋል፤ ድንጋይ ስወረውርበት ዞር ብሎ ያየኛል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ይባስ ብሎ ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታን መቼም ልጅ አዋቂ ሳይል ሁሉም ይጾማል። እኔ ቀኑን ስጾም ውዬ አንጀቴ እየጮኸ፣ ያንን ትኩስ፣ ቅቤ ቅቤ የሚል አሬራ በቅል ይዤ ሄጄ ድንጋይ ላይ አፈሳለሁ። ምራቄን እየዋጥኩ! እማዬ አንድ ቀን አይታኝ «አይ ልጄ፣ አንቺ ትጾሚያለሽ፣ ድንጋዩ ይገድፋል» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የድንጋይ ሽበት አንድ ፍጥረት እንዳልሆነ፣ ፈንገስና አልጌ ተስማምተው አንድ ላይ የሚኖሩት ኑሮ እንደሆነ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፣ አልጌው በብርሃን ምግቡን ያበስላል። አፈር አይፈልግም፣ ፍግ አይፈልግም፤ ዝናብ፣ ብርሃንና ንጹሕ አየር ካገኘ ይበቃዋል። ሲያድግ ደግሞ ዓመት ጠብቀህ ብትለካው ለውጡን ዓይንህ አይለየውም። ወቅጠህ፣ አሬራ አስክረህ፣ «ለመስቀል ድረስ» የምትለው ነገር አይደለም። ይህን ለአባባ ስንቴ ብነግራቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «አንቺ መጽሐፉን አየሽ፣ እኔ ድንጋዩን አየሁት።» ከእሳቸው ጋር መከራከር ዳገት ላይ ውኃ መግፋት ነው።

ያን ዓመት ከዕንቁጣጣሽ በኋላ ድንጋዩ ነጭ ጸጉር አወጣ። እውነቴን ነው፣ ነጭ፣ ለስላሳ ጸጉር! አባባ በደስታ ሊያብዱ ደረሱ፤ «አላልኳችሁም? በቀለ!» እያሉ ዙሪያውን ዞሩት። እኔም አመንኩ። እግዚአብሔር ጾሜን አይቶ ማረኝ ብዬ አመንኩ።

በመስቀል ማግስት ሽማግሌዎቹ መጡ። አለቃቸው የደብሩ የቅኔ መምህር የኔታ ነበሩ፤ ቃላቸው እንደ ቃሪያ የሚለበልብ ሰው። ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ፤ አዩት፤ ጠጋ ብለው አሸተቱት። አያ ደሴ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። የኔታ ቀስ ብለው ቀና አሉና «ታከለ፣ ሽበት ዘመን ያመጣዋል። ይኼ ግን ሻጋታ ነው፤ ሻጋታ ሐሙስ ተቀብቶ ሰኞ ይደርሳል» አሉ። ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አያ ደሴማ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

በቃ። እውነት ይዘው የቆሙት አባቴ በአንድ ቅል አሬራ ውሸታም ሆኑ። ንጹሕ ሰው ድንጋይ አይቀባም ተብሎ ተፈረደባቸው፤ ወሰኑም ስድስት እርምጃ ወደ እኛ ገባ። ያ ስድስት እርምጃ የማሳችን እምብርት ነበር። ቅጽል ስም ደግሞ ወጣላቸው፤ ገበያ ሲወጡ «አያ አሬራ መጡ» ይባላል። እኔንም ትምህርት ቤት «የአያ አሬራ ልጅ» ይሉኝ ነበር፤ ስንቱን ልጅ ነከስኩ! አባባ የተነቀለውን ድንጋይ በሸክም አምጥተው ደጃችን ላይ፣ ከአጥሩ ሥር ጸሐይ በሚያገኝበት ተከሉት። አንድ ቀን እንኳ ስለ እሱ ከአፋቸው ክፉ አልወጣም። ዝምታቸው ነው እኔን የገደለኝ።

እንግዲህ ከስልኩ በኋላ ቅዳሜ በሚኒባስ ሮብ ገበያ ወረድኩ፤ ከዚያ ዳገቱን በእግሬ እያለከለክሁ ወጣሁ። አባባ ራሳቸው ጥጥ መስሏል። እጄን ይዘው እየጎተቱ ወደ ድንጋዩ ወሰዱኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አለ! ምስር የሚያህሉ ግራጫ ነጥቦች፣ መሀላቸው ላይ አንድ ሳንቲም የሚያህል ብርቱካንማ። እውነተኛ የድንጋይ ሽበት፣ ድንጋዩን ነክሶ የያዘ።

«አሬራው ነው!» አሉ አባባ።

«አባባ፣ በሠላሳ ዓመቱ?»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በይ አሁን ሽማግሌ ይጠራልኝ፤ አንቺም ሳይንሱን ታስረጂያቸዋለሽ።»

ጉድ እኮ ነው! የኔታ ካረፉ ስንት ዓመታቸው፤ አያ ደሴም አፈር ቀምሷል። መሬቱ ተለክቶ የይዞታ ደብተር ወጥቶለታል። የአያ ደሴ ልጆች ማሳው ላይ ባሕር ዛፍ ተክለዋል። ሽማግሌ የሚጠራው ለማን ነው? ይህን ሁሉ እየደረደርኩ ስጮህባቸው፣ ያ ጉሮሮዬ ላይ የቀረው ነገር ሳላስበው ወጣ።

«አባባ፣ ያኔ የላጨሁት እኔ ነኝ። ለዕቃ ዕቃ በርበሬ ብዬ።»

ከድንጋዩ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም። «አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«ጣቶችሽ ሳምንት ሙሉ ብርቱካን መስለው ሰነበቱ። ማጭዱንም ጭድ ውስጥ ደብቀሽው አገኘሁት።»

ተናደድኩ። እንባዬ እየመጣ ተናደድኩ። «ታዲያ ለምን ለሽማግሌዎቹ አልነገሯቸውም? ‹ልጄ ናት› ቢሉ አያበቃም ነበር?»

«ደሴ መቼ ያምናል? ‹ልጅቱ ትምጣና ትማል› ይል ነበር። እኔ ያልማልኩትን፣ ለስድስት እርምጃ መሬት ብዬ የሰባት ዓመት ልጅ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቁሜ ላስምል?» ትከሻቸውን ነቀነቁ። «አሬራ ይሻላል ብዬ ነው።»

ያኔ ሰው ወሰኑን በድንጋይ ሽበት ያምን ነበር፤ ዛሬ ደብተር አለ፣ መለኪያ አለ፣ ድንጋይ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። እኔ ራሴ ስለ ድንጋይ ሽበት አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ማውራት እችላለሁ። የአባቴን ዝምታ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቂም ነው ብዬ ተርጉሜው ነበር። ዓይኔን ጠርጌ፣ ጠመኔ የለመደ ጣቴን ወደዚያች ብርቱካንማ ነጥብ ዘረጋሁ።

አባባ እጄን መታ አደረጉት። «እጅሽን ሰብስቢ! ደግሞ ዛሬ ወጥ ልትሠሪበት ነው?»