በርኖሱ ውስጥ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ

ታላቅ ወንድም በታናሹ ይኮራል እንጂ አይቀናም ይባላል። ውሸት ነው። እኔ ታላቅ ወንድም ነኝ፤ መቅናት ከጀመርኩ አርባ ዓመት አልፎኛል፤ በዚህ ጉዳይ ከእኔ የበለጠ ልምድ አለኝ የሚል ካለ ይምጣ።

ባለፈው ጥቅምት፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ የጓሮዬን የድንች ቅጠል ባጠቆረበት ሳምንት፣ የአባታችንን በርኖስ ከሳጥን አወጣሁት። ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ፣ አንድ ትከሻው ሹል የሆነ ጥቁር ካባ ነው፤ ከክብደቱ የተነሣ የሚለብሱት ሳይሆን የሚገቡበት ነገር ይመስላል። ስዘረጋው ሽታው ተነሣ፤ መጀመሪያ የረጠበ በግ፣ ቀጥሎ የጽድ ጭስ፣ መጨረሻ ላይ ከሁለቱ ኋላ ተደብቆ የቆየ የካርቦን ወረቀት። አፍንጫዬን ቀብሬ ብዙ ቆየሁ። ያወጣሁት ግን ናፍቆኝ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ ለቀረጻ እንደሚፈልገው ስለ ነገረኝ፣ ላለመስጠት ምክንያት ፍለጋ ነው ያወጣሁት። ብል በልቶት ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አልበላውም።

ወንድሜን ሳታውቁት አትቀሩም። እሑድ እሑድ ቤተሰብ ሰብስባችሁ የምትስቁበትን የቴሌቪዥን ድራማ የሚጽፈው እሱ ነው። ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉለት ቀልዱን ከየት እንደሚያመጣው ይጠይቁታል፤ እሱም ከቤት ነው፣ ከቤተሰቤ ነው ብሎ መሬት መሬት ያያል። ጠያቂዋ ልቧ ይነካል። እኔ የያዝኩትን ሻይ አስቀምጣለሁ። እኔም ከዚያው ቤት ነኝ። ያንኑ ሽሮ በልቼ፣ በዚያው ብርድ ተንቀጥቅጬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ መጣጥፍ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ሦስት መጻሕፍትም አሉኝ። ታክሲ ውስጥ ፊቴን ትኩር ብሎ የሚያይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን አንድ ነገር ነው። የእሱ ወንድም አይደለህም ወይ?

በድራማው ውስጥ፣ ካያችሁት ታውቁታላችሁ፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ የሚያርም፣ መነጽሩን በሌባ ጣቱ ወደ ላይ የሚገፋ አንድ ታላቅ ወንድም አለ። እኔም መነጽሬን የምገፋው በሌባ ጣቴ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከወንድሜ ጋር ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

አባታችን ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ አንድ እግሯ በድንጋይ የተደገፈ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሰውን በደል ከጠዋት እስከ ማታ ሲጽፍ ይውላል። አመሻሽ ላይ ጣቶቹ በካርቦን ሰማያዊ ሆነው ይመጣና ከምድጃው አጠገብ በርኖሱን ተከናንቦ ይቀመጣል። ከዚያ እኔንና ወንድሜን አስቀምጦ፣ "በሉ የዛሬን አምጡ" ይለናል። እያንዳንዳችን በዕለቱ ያየነውን አንድ ነገር መናገር ነበረብን። ያሳቀው ሰው ራት እስኪቀርብ ድረስ በርኖሱ ውስጥ ይገባል።

ደብረ ብርሃንን በሐምሌ የማያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ሽልማት እንደ ነበር ሊገባው አይችልም። ጭጋጉ በበር ሥር ገብቶ ከእኛ ጋር የሚቀመጥበት ወር ነው። በርኖሱ ውስጥ ግን ሌላ አገር ነበር። ቦታው ለአንድ ልጅ ብቻ ነበር የሚበቃው።

አባታችን ሲስቅ ድምፅ አልነበረውም። ጥርሱም አይታይም። መሳቁን የምናውቀው የበርኖሱን ጠርዝ በአንድ እጁ ገለጥ አድርጎ "ግባ" ሲል ነበር። ውስጥ የገባ ሰው ሳቁን በጀርባው ያገኘዋል፤ ሆዱ ነበር የሚስቀው። ይህን የማውቀው ስለ ገባሁ ነው። እስከ አሥራ አራት ዓመቴ አራት ጊዜ ገብቻለሁ።

እኔ ተዘጋጅቼ ነበር የምመጣው። ያየሁትን ነገር በቅደም ተከተል፣ ሰዓቱን ከነቦታው፣ የተናጋሪዎቹን ቃል ሳላዛባ አቀርባለሁ። አባታችን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ያዳምጥና፣ "ጥሩ ነው፤ በደንብ አስተውለሃል" ይለኛል። ይህን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ወንድሜ በሦስት ዓመት ያንሰኛል፤ ምንም ሳይዘጋጅ፣ ንፍጡን በእጅጌው እየጠረገ፣ "ዛሬ የመምህራችን ጫማ ከእሳቸው ቀድሞ ክፍል ገባ" ይልና ዝም ይላል። ስንት ሰዓት ላይ፣ የትኛው መምህር፣ የቀኝ ጫማ ይሁን የግራ፣ የለም። በርኖሱ ይገለጣል። እኔ ምድጃው ማዶ ተቀምጬ ከጥቁሩ ካባ ብቅ ያለውን ጭንቅላቱን አያለሁ፤ እሱም እኔን ያየኛል። አንድ ቀን እንኳ ምላሱን ቢያወጣብኝ ኖሮ መምታት እችል ነበር። አላወጣም።

አባታችን በጣም የሚታወቅበት ጨዋታ የእናታችን ታላቅ ወንድም፣ የአንኮበሩ አጎታችን፣ ጎረቤቱን ሊከስ የመጣበት ታሪክ ነው። ጎረቤቱ አጥር ሲያጥር ድንበር ገፍቶበታል፤ ሲነገረውም ሰድቦታል። አጎታችን ደብረ ብርሃን ድረስ ሄጄ እከሰዋለሁ ብሎ በቅሎውን ሲጭን፣ ጎረቤትየው በዚህ ብርድ ያን ሁሉ መንገድ ብቻህን አትሄድም ብሎ ተከተለው። በአንዲቱ በቅሎ እየተፈራረቁ ደረሱ። አባታችን ጠረጴዛ ፊት አጎታችን "ሁለት ጊዜ ሰድቦኛል" ብሎ ሲያጽፍ፣ ተከሳሹ ከኋላው ሆኖ "ሦስት ጊዜ ነው፤ በትክክል ይጻፍ" አለ። ክሱ ሲያልቅ ደግሞ ተከሳሹ፣ ከዚህ የተሻለ ጸሐፊ ስለማላውቅ የእኔንም መልስ እርስዎ ይጻፉልኝ ብሎ እዚያው ተቀመጠ። እስኪጻፍ ፍርድ ቤቱ ስለ ተዘጋባቸው ሁለቱን ወረቀቶች ኮርቻው ሥር ሸጉጠዋቸው፣ አንዱ ሲጋልብ ሌላው ሲነዳ አንኮበር ሲደርሱ፣ ጽሑፉ በበቅሎዋ ላብ ጠፍቶ ነበር። ክሱም በዚያው ቀረ።

አጎታችን የሞተው እኔ አሥራ አራት ዓመት በሞላኝ ክረምት ነው። እናታችንን ሾፌሩ ጎን አስቀምጠን፣ እኛ ሦስታችን የጭነት መኪናው ላይ ሆነን ወደ አንኮበር ወረድን። ወንድሜ ያስለው ስለ ነበር አባታችን በርኖሱን አውልቆ አለበሰው። ስንደርስ የአባታችን ድምፅ ተዘግቶ ነበር። እኔም በርዶኝ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ቀብሩ አለፈ። በሠልስቱ ድንኳኑ ውስጥ የጭድና የእርጥብ ጋቢ ሽታ ነበር፤ ጭጋጉ ከገደሉ እየወጣ ሰዎቹን አንዳንዴ ከወገባቸው በላይ ብቻ ያስቀራቸዋል። የአጎታችን ሚስት ከቀብሩ ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ቃልም አልተነፈሱም። ሽማግሌዎቹ ፈሩ። በሠልስት ቀን ሐዘንተኛን በጨዋታ ከሐዘኑ ማውጣት የአባታችን ሥራ እንደ ነበር ሁሉም ያውቃል፤ እስኪ አንተ የበቅሎዋን ነገር አንሣላቸው አሉት። አባታችን ጉሮሮውን አሳያቸው። ከዚያም በሹክሹክታ፣ "ከልጆቼ አንዱ ይንገርልኝ" አለና ወደ ወንድሜ ዞረ።

እኔ ቀድሜ ተነሣሁ። ታላቁ እኔ ነኝ አልኩ። አባታችን አየኝና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ያን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ቃል አላጓደልኩም። ከየትኛው ቀዬ እንደ ተነሡ፣ የት እንዳደሩ፣ መጀመሪያ ማን እንደ ጋለበ ተናገርኩ። ማክሰኞ አልኩና ረቡዕ ብዬ አረምኩ። ማንም አልሳቀም። ጎረቤትየው፣ ያው ተከሳሹ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከሐዘንተኞቹ ጎን አንገቱን ደፍቶ ነበር። "በቅሎዋም በመልኳ ዳማ ነበረች" ብዬ ቀጠልኩ።

"ቡላ ናት" አሉ የአጎታችን ሚስት። ከሦስት ቀን በኋላ የተነፈሱት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

ደግ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ዝም ይላል። እኔ፣ "አይ እትዬ፣ ዳማ ናት፤ አባባ ሲናገር ሰምቻለሁ" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ለእኔ በጥሎሽ የመጣች በቅሎ እኮ ናት።"

"ቢሆንም" አልኩ።

ያን ጊዜ ጎረቤትየው አንገቱን ቀና አደረገና፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ "ቡላ ናት፣ ልጄ። እኔም ተቀምጬባታለሁ" አለ።

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም ለቅሶ መስሎን ነበር። ሳቅ ነበር። ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ እናታችን እንኳ እንባዋን እየጠረገች። እትዬ እየሳቁ አለቀሱ፤ እያለቀሱ ውኃ ጠየቁ፤ ከውኃው በኋላ ቂጣ ጠየቁ። እኔ ወደ አባታችን ዞርኩ። በርኖሱን እስከ አፍንጫው ድረስ ስቦት ነበር፤ ሳየው ዓይኑን ወደ ጭዱ ደፋ። አፈረብኝ አልኩ።

አመሻሽ ላይ የእትዬ ቤት ምድጃ ዳር ተቀመጥን። አባታችን የዛሬን አምጡ አላለም፤ ድምፅም አልነበረውም። እኔን አየና የበርኖሱን ጠርዝ ገለጠ። "ና ግባ" ያለው ከንፈሩ ብቻ ነው።

የተሸነፈን ሰው ሲያጽናኑት ምን ያህል እንደሚያም ታውቁ ይሆናል። "አልፈልግም" አልኩት። "ልጅ አይደለሁም።" ጠርዙን እንደ ገለጠ ትንሽ ቆየ፤ ብርዱ እየገባበት። ከዚያ ወንድሜ ገባ።

ከዚያ በኋላ በርኖሱ ለእኔ ተገልጦ አያውቅም፤ እኔም የዛሬን ማምጣት ተውኩ። አባታችን ሲሞት ድንኳኑን ያሳቀው ወንድሜ ነው። እኔ የሕይወት ታሪኩን አነበብኩ። ሁለት ቦታ ዓመተ ምሕረት አረምኩ።

በርኖሱን አልልክም ስለው ወንድሜ ራሱ መኪናውን ነድቶ መጣ። ጸጉሩ ሸብቷል፤ እኔ ቤት ሲገባ ግን አሁንም ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ሻይ ሳልቀዳለት ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተናገርኩ። የአባባን ጨዋታ ሸጠህ ባለስም ሆንክ፤ ያ ጨዋታ የአንተ ብቻ አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ልብሱን ልትወስድ መጣህ አልኩት። በቅደም ተከተል ነበር ያቀረብኩት።

እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠኝ። አባታችንን መሰለኝ፤ ይህም አናደደኝ።

"ጋሼ" አለኝ፣ "የአባባን አንድም ጨዋታ ጽፌ አላውቅም። መጀመሪያ ላይ ሞክሬው ነበር። አንዱም አላሳቀም፤ የእሱ ጨዋታ ከራሱ አፍ ሲወጣ ብቻ ነው የሚያስቀው። ድራማው ላይ አባት ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ስንት ቃል ይናገራል? እስኪ አስታውስ።"

አስታወስኩ። ሰውየው ምድጃ ዳር ተቀምጦ ያዳምጣል። ሌላ ነገር ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

"እኔ የምጽፈው አንተን ነው" አለ ወንድሜ።

እሱ በርኖሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የጠጉሩን ቋጠሮ በጣቱ ይለቅም ነበር። ያን ቀን አንኮበር በአንተ ቦታ የገባሁ ጊዜ አባባ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ ይስቅ ነበር አለኝ። ሆዱ ዝም ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ "ቢሆንም" ይላል በሹክሹክታ፤ እንደገና ይጀምረዋል። ለእኔ በሕይወቱ እንደዚያ ስቆልኝ አያውቅም አለ። ድንኳኑ ውስጥም አፉን የሸፈነው እንዳታየው ብሎ ነው፤ ሳቀብኝ ብለህ እንዳትከፋ።

"ያኔ የጠራው አንተን ነበር" አለኝ ወንድሜ፣ ቀና ሳይል። "እኔ ትርፍ ሆኜ ነው የገባሁት። ያን ሳቅ እንደገና ለማግኘት ይኸው እስከ ዛሬ እጽፋለሁ።"

ሻዩን ቀዳሁለት። ስኳሩን ሦስት ማንኪያ እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ሦስት አደረግሁለት። በርኖሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ መኪናው ድረስ ወሰድኩለት። እጄ ላይ የበግና የካርቦን ሽታ ቀርቶ ነበር፤ እስከ ማግሥቱ አልታጠብኩም።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብላችሁ እንዳታስቡ። ቦታው ብቻ ነው የተቀየረው። ድሮ የምቀናው ወንድሜ ባገኘው ሳቅ ነበር፤ አሁን የምቀናው የእኔ የነበረውን ሳቅ በጀርባው ስላገኘው ነው። እሱ አንድ ምሽት ሙሉ ሰማው። እኔ ምድጃው ማዶ ነበርኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በርኖሱ በቴሌቪዥን ወጣ። ሹል ትከሻውን በግራ በኩል አድርገውታል። ወዲያው ደወልኩና በቀኝ በኩል እንደሚውል፣ አባታችንም አንድ ቀን እንኳ በግራ አድርጎት እንደማያውቅ ለወንድሜ ነገርኩት። አመሰገነኝ። በሚቀጥለው እሑድ ያ መነጽሩን የሚገፋው ሰውዬ ስልክ አንሥቶ የተናገርኩትን ቃል በቃል ሲደግመው አየሁ። ብቻዬን ነበርኩ። ድምፅ አላወጣሁም፤ ሆዴ ብቻ ነው የሳቀው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ታክሲ ውስጥ ስታገኙኝ የእሱ ወንድም አይደለህም ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። እሱን ስታገኙት፣ የእኔ ወንድም መሆኑን ጠይቁት።