ሕዝብ የሚፈርድበት ቴአትር ፊልም ሲሆን

የእህቴ ልጅ ማኅሌት ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ እኔ ዘንድ ሰንብታለች። ባለፈው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማችን ንፋስ መውጫ እንደ ስሟ ስትነፍስ፣ በር ዘግተን ትኩስ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እየበላን ሳለ ስልኳን ወደ ዓይኔ አስጠጋችው። አዲስ አበባ መድረክ ላይ ሲታይ የከረመ አንድ ሙዚቃዊ ቴአትር ፊልም ሊሆን ነው አሉ። ወጣቱ ሁሉ ይሳካል፣ አይሳካም እያለ ይከራከራል።

«አክስቴ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? ሂት ይሆናል ወይስ ይከሽፋል?»

«እኔ ደግሞ ስለ ፊልም ምን አውቃለሁ!» አልኳትና ድንቹን መላጥ ቀጠልኩ።

ከእሷ በፊት ይህንኑ ጥያቄ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ ግን መልሴን ቆሞ ነበር የጠበቀው። ማኅሌት ወደ ስልኳ ስትመለስ እኔ ወደ ይርጋ ተመለስኩ።

ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላኝም። በከተማችን የኪነት ቡድን ውስጥ ዘፋኝ ነበርኩ፤ ይርጋ ደግሞ የቡድኑ ደራሲም መሪም ነበር። ልጅነቱን ያሳለፈው እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ሲማር ነው። ኋላ የኔታን አስፈቅዶ ወደ አስኳላ ቢገባም ዜማው አብሮት ወጣ። ሲናገር ራሱ ቃሉን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ «እንደምን አደርሽ» ሲለኝ መልሱን እስክረሳው ድረስ እሰማዋለሁ። ቀጭን ነበር፤ ጋቢው ሁልጊዜ ከአንድ ትከሻው ይወርዳል፤ እያወራ መልሶ ይሰቅለዋል።

እሱ የጻፈው ቴአትር «የአውድማው ሙግት» ይባል ነበር። ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ይጣላሉ። የአንደኛው ወንድ ልጅና የሌላኛው ሴት ልጅ ግን ይዋደዳሉ። ወንዱ ይርጋ ነው፣ ሴቷ እኔ ነኝ። ክርክሩ ሁሉ፣ የጥንት ሰዎች ዳኛ ፊት እንደሚሟገቱት፣ በበልሃ ልበልሃ በግጥምና በዜማ ነው።

«በልሃ ልበልሃ፣ በል ስማኝ ጎረቤት፣
ድንበር ምን ያደርጋል አብሮ ላደገ ቤት!»

ይላል ይርጋ በትሩን ወለሉ ላይ እየመታ። በመጨረሻ እኔ ወደ ሕዝቡ ዞሬ ፍርድ እጠይቃለሁ።

«ፍረዱኝ እናንተ አውድማ የቆማችሁ፣
መሬት ነው ወይ ልጅ ነው የሚቀርላችሁ?»

የቴአትሩ ጉዱ እዚህ ላይ ነበር። መጨረሻውን የምንጫወተው ሕዝቡ እንደፈረደው ነው። «ልጅ!» ካሉ ሠርግ ነው፤ ከበሮው ይመታል፣ እስክስታው ይወርዳል፣ አዳራሹ በሙሉ ያጨበጭባል። «መሬት!» ካሉ ግን ይርጋ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይወጣል፤ እኔ ብቻዬን ቀርቼ አንጎራጉራለሁ። የንፋስ መውጫ ሰው ሁልጊዜ የሚፈርደው ለልጅ ነበር። ሠርጉን ስለለመድን የሐዘኑን መጨረሻ ልምምድ ላይ ብቻ ነበር የምናውቀው።

አንድ ጊዜ ግን ወደ እስቴ ሄደን መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ አሳየን። ፍርድ ስጠይቅ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከፊት ብድግ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ መሬቱማ ከሄደ ልጁስ ምን ሊበላ ነው?» አሉ።

ሕዝቡ ሳቀ፣ አጉረመረመ፣ ከዚያ «መሬት! መሬት!» አለ። እውነታቸውን ነው፤ መሬት ሲጠብ ያዩ ሰዎች ናቸው። ይርጋ በትሩን አንስቶ በጎን በር ወጣ። ትወና መሆኑን እያወቅኩም ያንን እንጉርጉሮ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ከተመልካቾቹ መካከል ዳንኤል የሚባል የፊልም ዳይሬክተር ነበር፤ ለዘመዱ ሠርግ ከአዲስ አበባ የመጣ። እንደጨረስን ከመድረኩ ጀርባ መጥቶ ይርጋን ጨበጠውና «ይህንን ፊልም ላድርገው» አለው።

ወሬው እኛ ሳንደርስ ንፋስ መውጫ ደርሶ ጠበቀን። ከዚያ በኋላ በከተማው ትንቢት የማይናገር ሰው ጠፋ። ፀጉር አስተካካዩ «ይሳካል፤ የጋይንትን ተራራ ብቻ ቢያሳዩ ይበቃል» ይላል። መምህራኑ «ሰው በዘፈን ሲሟገት ከተሜ ይስቃል፤ አይሆንም» ይላሉ። እናቴ ስለ ፊልሙ መሳካት ግድ አልነበራትም። «አገር ያያትን ልጅ ማን ያገባታል?» ነበር ጭንቋ።

ይርጋ ግን ለዳንኤል ገና እሺ አላለውም ነበር። በጥቅምት አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ከከተማው ወጣ ብለን በእርሻዎቹ መካከል ሄድን። ገብሱ እሸት የያዘበት ወቅት ነው። ዛላውን በመዳፌ እያሸሁ፣ ገለባውን እፍ እያልኩ፣ ፍሬውን እቅማለሁ። የክረምቱ ጭቃ ደርቆ መንገዱ ከእግር በታች ይንኮሻኮሻል። ይርጋ ድንገት ቆመ።

«የሺ፣ ይሳካል ትያለሽ?»

«የቱ?»

«ፊልሙ ነዋ።»

ሌላ ዛላ ቀነጠስኩ። እሱም አላስቸኮለኝም።

«አይሳካም» አልኩ።

«ለምን?»

«ሰው ሲፈርድበት ነው የሚያምረው። ፊልም ጆሮ የለውም። ደግሞ መጨረሻው አንድ ብቻ ሊሆን ነው፤ የትኛውን ልታደርገው ነው?»

ጋቢውን ሰቀለና አንገቱን ደፋ። «አንቺ ተወው ካልሽ እተወዋለሁ» አለ።

ፊልሙ ከተሳካ አዲስ አበባ እንደሚወስደው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። «ተወው» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አይሳካም ያልኩት በእርግጥ ስላመንኩበት ነው ወይስ እንዳይሳካ ስለፈለግኩ? እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም። ሰው ስለሚወደው ነገር ሲተነብይ ልቡና አእምሮው የተደባለቀ እህል ናቸው፤ ማን አበጥሮ ይለያቸዋል?

«አይሳካም፤ ግን ሥራው» አልኩት። «ባትሠራው ዕድሜህን ሙሉ ‹ተሳክቶ ቢሆንስ› እያልክ ነው የምትኖረው። እኔ ደግሞ ያን ፊትህን እያየሁ መኖር አልችልም።»

«እያየሽኝ ልትኖሪ ነው ማለት ነው?» አለና ሳቀ።

አፍሬ እሸቱን በሙሉ አፌ ውስጥ ጨመርኩት።

በጥር ለቀረጻው በአይሱዙ ተጭነን ወገዳ ወደምትባል የገጠር ከተማ ወረድን። መንገዱ ወንዝ በተሻገረ ቁጥር እንደ አዲስ ይበላሻል፤ ስንደርስ ቅንድባችን ሁሉ አቧራ ነበር። ገበሬዎቹ ውቂያ ላይ ነበሩ። ዳንኤል የፈለገውም ያንን ነው፤ እውነተኛ አውድማ፣ በሬዎቹ እየዞሩ፣ ገለባው በመንሽ ወደ ሰማይ እየተበተነ፣ ፀሐይ በውስጡ እያለፈ። የአገሩ ሰዎች ባቄላ ንፍሮና ጠላ እያመጡ «ብሉ እንጂ፣ ይህ ሥራ ይሉት ነገር ደረቅ ነው» ይሉን ነበር።

ችግሩ የተነሣው ከዘፈኑ ነው። ዘፈኖቹ አስቀድመው በካሴት ተቀድተዋል፤ እኛ ካሜራ ፊት ካሴቱን ተከትለን ከንፈራችንን ማንቀሳቀስ አለብን። ይርጋ ግን አንድን ግጥም ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ብሎት አያውቅም። ሽማግሌ ካየ ስለ ሽማግሌ ይጨምራል፣ ደመና ካየ ስለ ደመና።

«ይርጋዬ፣ እባክህ በካሴቱ ላይ ያለውን ብቻ!» ይላል ዳንኤል።

«ያኛው እኮ የዚያን ቀን ነበር» ይላል ይርጋ፣ ከልቡ ግራ ተጋብቶ።

ስለ መጨረሻውም ዳንኤል አስቀድሞ ወስኖ ነበር። «በሐዘን ነው የሚያልቀው» አለን። «ደስታን ሰው ደጃፍ ላይ ጥሎት ይወጣል፤ ሐዘንን ግን ቤቱ ይዞት ይገባል።»

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን ያውቃል። ይርጋ በትሩን ትከሻው ላይ አድርጎ በገለባው መካከል ሲርቅ ደጋግሞ ቀረጸው። አንዴ ብርሃኑ፣ አንዴ በሬው ያበላሸዋል፤ ይርጋ ይመለስና እንደገና ይሄዳል። በመጨረሻ ጀርባውን ሳይ እንባዬ ያለ ትወና ፈሰሰ።

«ይኸው! እሱን ነው የፈለግኩት!» ብሎ ዳንኤል አጨበጨበ።

ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲቃረብ ይርጋ የፊልሙን ካሴት ይዞ መጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከተማው በሙሉ ወደ ቪዲዮ ቤቱ ተመመ፤ ቦታ ያጡት በመስኮት አጮለቁ። ተራራው ሲታይ ጮኹ፤ በሬዎቹን በስማቸው ሊጠሯቸው ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ የእኔ ፊት የቴሌቪዥኑን መስኮት ሞልቶ መጣ፤ «ፍረዱኝ እናንተ» ብዬ ጠየቅኩ።

«ልጅ!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

ፊልሙ ግን አልሰማም። ይርጋ በትሩን አንስቶ ሄደ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት፣ ከአግዳሚው ተነሥተው። «ፈረድን እኮ! መልሱት እንጂ ልጁን!»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሕዝቡ የተነጠቀ ነገር እንዳለው ሁሉ እያጉረመረመ ወጣ። ይርጋ ደጅ ላይ ከአጠገቤ ቆሞ «እውነትሽን ነበር፣ የሺ» አለኝ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ተሳስቼ ቢሆን ብዬ ከልቤ ተመኘሁ።

ምኞቴ ደረሰ። ፊልሙ አዲስ አበባ ተወደደ። የእኛን አዳራሽ የማያውቁ ሰዎች፣ መፍረድ እንደሚቻል ማንም ያልነገራቸው ሰዎች፣ ተቀምጠው አለቀሱ። መምህራኑም እኔም ተሳሳትን፤ ፀጉር አስተካካዩ ከተማውን አኮራ። ዳንኤል ይርጋን ሌላ ሥራ እንጀምር ብሎ አስጠራው።

«ትመጫለሽ?» አለኝ ይርጋ መናኸሪያ ላይ።

«እመጣለሁ» አልኩት። ማለቴም ነበር። እናቴ ግን በዚያው ዓመት አልጋ ያዘች፤ ከእኔ ሌላ የሚያነሣት አልነበረም፤ እህቴ ገና ልጅ ነበረች። ይርጋ መጀመሪያ በየበዓሉ ይመጣ ነበር። ከዚያ ለፋሲካ ብቻ ሆነ። ከዚያ ደግሞ በሰው ሰላምታ ላከ። ማንም ማንንም አልበደለም። ሰው የማይሄድበት መንገድ ሣር እንደሚያበቅለው ሁሉ በመካከላችን ሣሩ በቀለ።

ኋላ ጥሩ ሰው አገባሁ፤ ወለድኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይርጋም እዚያው ቤተሰብ መሠረተ። አንዳንዴ ቴሌቪዥን ላይ ፊልም ሲያልቅ ስሙ ከታች ወደ ላይ ያልፋል፤ ሳላነበው እንዳያልፈኝ መነጽሬን እፈልጋለሁ።

ይህንን ሁሉ ለማኅሌት አልነገርኳትም። «አክስቴ፣ አልመለስሽልኝም እኮ» ስትለኝ «ተሠርቶ እንየው» ብዬ አለፍኩት። እውነት ለመናገር፣ አንድ ነገር ከመድረክ ወርዶ ወደ ፊልም ሲገባ ምን ይዞ እንደሚገባና ምን ጥሎ እንደሚቀር አስቀድሞ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። የእኛ ፊልም ተሳክቷል። ዛሬ ካሴቱን ባገኘው ግን እኔ የምናፍቀውን አላገኝበትም።

እኔ የምናፍቀው ሠርጉን እንኳ አይደለም። ፍርድ ጠይቄ አፌን ከዘጋሁ በኋላ፣ ሕዝቡ አፉን ከመክፈቱ በፊት፣ አንዲት አጭር ዝምታ ነበረች። በዚያች ዝምታ ውስጥ፣ ሁሉም ሰው ሲያስብ፣ ይርጋ ከጥበቤ እጥፋት ሥር እጄን ይይዘኝ ነበር። መጋባት ይሁን መለያየት ገና ማንም አላወቀም። ያን ያህል ሕዝብ ፊት ቆሞ የማይፈራው ይርጋ፣ እጁን ያልበው ነበር።