ሁለት የጠላቂ ሰዓቶች፣ ከጎርጎራ እስከ ኮሶዬ

ማክሰኞ ንጋት፣ ማራኪ

ጎህ ሲቀድ ከማራኪ ወጣን። ከማል የአየር ሲሊንደሮቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከሚኒባሱ ወንበር ሥር አስተኝቷቸዋል። ከማል የመጥለቅ ጓደኛዬ ነው። አባቱ ጎንደር ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሱን ግን ከጨርቁ ይልቅ ውሃው ሳበው። ጣና ላይ ጀልባ ለሚነዱ ወጣቶች አብረን መጥለቅ እናስተምራለን።

በግራ እጄ ሁለት ሰዓት አስሬያለሁ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ። ሰዓት እንበላቸው እንጂ ጠላቂ ምን ያህል እንደወረደ፣ ሰውነቱ ከሚተነፍሰው አየር ምን ያህል ናይትሮጅን እንደያዘ የሚያሰሉ ኮምፒውተሮች ናቸው። ስሌታቸው ግን ለየቅል ነው። ጥቁሩ ደፋር፣ ግራጫው ፈሪ። ለተማሪዎቻችን የትኛውን እንግዛ እያልን ስንነታረክ ከርመን፣ በአንድ ክንድ ላይ ይለይለት ብለን ነው ዛሬ የወረድነው።

ነገ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለኝ። ኮሶዬ ያለችው ታናሽ እህቴ አለምነሽ የወለደችው ወንድ ልጅ ነገ አርባ ቀኑ ነው። ክርስትና የማነሳው እኔ ነኝ። ቃል የገባሁላት ገና ሆዷ ሳይገፋ ነው።

አዘዞን አልፈን ቆላድባ ስንደርስ አቧራው በመስኮት ገባ። ሾፌራችን አያ ጫኔ የኮሶዬ ሰው ናቸው፤ ሙቀት አይወዱም። «ይኸን ቆላ ወርዶ ውሃ ውስጥ መግባትስ ሸጋ ነው» አሉኝ በመስታወቱ እያዩኝ። «እኔን ያሳዘነኝ ሲሊንደሩ ነው፤ ከኔ ይልቅ ደልቶት ተኝቷል።»

ማክሰኞ ረፋድ፣ ጎርጎራ

ሐይቁ ቡናማ ነው። እጅን ቢዘረጉ ጣት አይታይም። ልብሴን ስለብስ ከማል «ውሃ ጠጥተሃል?» አለኝ።

«ዐቢይ ጾም ነው እኮ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም።»

«እኔ በረመዳን ጠልቄ አላውቅም። የተጠማ ሰውነት ናይትሮጅኑን ቶሎ አይለቅም። ሰዓቶቹ ደግሞ መጾምህን አያውቁም። ወይ ጠጣ፣ ወይ የግራጫውን ስሌት ይበልጥ አጥብቀው።»

«ንጽጽሩ ይበላሻል።»

«አንተ ከምትበላሽ!»

አጠበቅሁት። ሁለት ጊዜ ወረድን። ጭቃው ወለል ላይ ተንበርክኬ ሁለቱን ፊቴ ላይ አስጠግቼ አነብባለሁ፤ ጥቁሩ ገና ብዙ ጊዜ አለህ ሲለኝ፣ ግራጫው ውጣ እያለ ይጮሃል። ያው ክንድ፣ ያው ውሃ። ግራጫውን ሰምቼ ወጣሁ።

ዳር ላይ ቁጭ ብለን ስናይ ሁለቱም ላይ የአውሮፕላን ምስል በርቷል። እስከዚህ ሰዓት አትብረር ማለት ነው፤ ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ በሰውነት የቀረው ናይትሮጅን ክዳኑ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሆናል። ጥቁሩ እስከ ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ይላል። ግራጫው እስከ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት። እኔ የአውሮፕላን ትኬት የለኝም፤ ስለዚህ ቀኑን ሳቅድ ይህን ነገር ዘልዬው ነበር።

ከማል ግን «ኮሶዬ ከዚህ ምን ያህል ከፍ ይላል?» አለኝ።

«አንድ ሺህ ሜትር ገደማ።»

«ታዲያ የአያ ጫኔ ሚኒባስ ከአውሮፕላን በምን ያንሳል?»

ደነገጥኩ። ወደ ጣና ወረድን፣ ወደ ጎንደር ወጣን እያልን ነው ያደግነው። ዕድሜ ልኬን ያልኩትን አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁትም። የተማርኩበት መጽሐፍ የሚያወራው ስለ አውሮፕላን ነው፤ ወደ ኮሶዬ ስለሚወጣው የደባርቅ መንገድ የጻፈ የለም።

ማክሰኞ አመሻሽ፣ ጎርጎራ

ዛሬ እንደማልመጣ ልነግራት ለአለምነሽ ደወልኩ።

«ምነው ወንድምዓለም? ዛሬ እዚህ ካላደርክ ነገ እንዴት ልትደርስ?»

«አራት ሰዓት ተነስቼ እመጣለሁ።»

«በጾም ቅዳሴው ቀትር ላይ ነው የሚገባው፤ ልጁ ከዚያ በፊት ይጠመቃል። ቄሱ አንተን አይጠብቁም። ካልደረስክ ሞላ ያነሳዋል።» ሞላ የባሏ ወንድም ነው። ደህና እደር እንኳ ሳትለኝ ዘጋችው።

ሽሮ በልተን፣ እኔ ውሃ በላይ በላዩ እየጠጣሁ ተቀመጥን። ፀሐይ ስትጠልቅ ከጥቁሩ ሰዓት ላይ አውሮፕላኑ ጠፋ። አያ ጫኔ ቁልፋቸውን አነሱ። «ይኸው ፈቀደልህ! ምን ትጠብቃለህ?»

እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ደቂቃ ጥቁሩን ወደድኩት። ሁለት ሰዓት ያሰረ ሰው የሚያምነው ደስ ያለውን ነው። ግን ጠዋት አፌ ደርቆ የገባሁት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብሆን አረፋውን መልሶ የሚያሟሟ የግፊት ክፍል ያለው ሐኪም ቤት በዚህ አገር አላውቅም። ለተማሪዎቼ ግራጫውን ስሙ ልል፣ እኔ ራሴ ጥቁሩን ሰምቼ ልወጣ?

«እዚሁ አድራለሁ፣ አያ ጫኔ።»

«ክርስትናውስ?»

«እደርሳለሁ።»

ረቡዕ፣ ከጎርጎራ ወደ ላይ

አራት ሰዓት። ግራጫው ጸዳ። አያ ጫኔ ሞተሩን አስነስተው ነበር የጠበቁኝ። ቆላድባ፣ አዘዞ፣ ከዚያ ጎንደር፤ ለሻይ እንኳ አልቆምንም። የጎንደርን ዳገት ስንወጣ አረፋው የሚታወቀው በመገጣጠሚያ ሕመም ነውና ትከሻዬን፣ ጉልበቴን እያሻሸሁ አዳምጣለሁ። ምንም የለም። ከማል «ደህና ነህ?» እያለ አሰለቸኝ። ከከተማው በላይ ብርዱ ጀመረ፤ መስኮቱን ዘጋን።

ረቡዕ ቀትር፣ ኮሶዬ

ቤተ ክርስቲያኑ ከመንገዱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። አለምነሽ በነጭ ነጠላዋ ከቅጽሩ በር ላይ ቆማለች። «ሩጥ!» ብላ ጮኸች። «ቄሱ ገብተዋል፣ ሩጥ!»

አልሮጥኩም። ድካም አረፋውን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ግራጫው ቢፈቅድም እንዲህ ካለ መውጣት በኋላ በሩጫ ማለክለክን አልደፈርኩም። ምእመኑ ሁሉ እያየኝ፣ እህቴ እያለቀሰች፣ እኔ እንደ ሽማግሌ አንድ አንድ እርምጃ እራመዳለሁ። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ክርስትና ቤቱ ደጅ ስደርስ ልጁ ከውሃው እየወጣ ይጮሃል። ሞላ ነጩን ጨርቅ በሁለት እጁ ዘርግቶ ለመቀበል ቀርቧል። ዞር ሲል አየኝ። ጨርቁን እጄ ላይ አኖረና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ቄሱም ቀና ብለው አይተውኝ ልጁን ሰጡኝ።

ቀላል ነው፤ ይሞቃል፤ ውሃው ከጭንቅላቱ በክንዴ ላይ ይወርዳል። እንባዬ መጣ። ይሄኔ ግራጫው ሰዓት ውሃ ሲነካው እንደሚያደርገው በራሱ በራ። ለመጥለቅ ዝግጁ፣ ጥልቀት ዜሮ ይላል።

አለምነሽ ከደጅ ሆና አየችው። «በል ፍታው አሁን» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «ልጄን ይቧጭርብሃል።»