የአንጁሎን ስም ይዤ ጅቡቲ የሄድኩ ጊዜ

ሰኞ ጠዋት፣ ጉለሌ

ጅቡቲን ለማየት ብዬ አልሄድኩም። በዚህ ዕድሜዬ ለባሕር ብዬ ሁለት ቀን መኪና ላይ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። የሄድኩት ለአንጁሎ ነው።

አንጁሎ ጎረቤቴ ነው፤ አርባ ዓመት አብረን ሸምነናል። አምና ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው፤ ቀኝ እጁ እንደ እንጨት ሆነ። እኛ ሰፈር ሸማኔ ሲታመም የሽመና እቃው ሥራ አይፈታም። አራት ሆነን ተራ ገብተን፣ እግር በሚገባበት የእሱ የሽመና ጉድጓድ እንቀመጥና እንሸምናለን፤ የወጣው ጨርቅ የእሱ ነው። የማን እጅ እንደሠራው አይነሳም። ማንሳት ነውር ነው።

ነገሩን ያመጣችው ምልክቷ ናት። ማኅበራችን ለውጭ ገዢ በሚልካቸው ሻርፖች ጠርዝ ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለባት ትንሽ ጨርቅ ትሰፋለች። ልጆቹ ኪውአር ኮድ ይሏታል። በስልክ ሲያነቧት ጥጡ የበቀለበትን እርሻ፣ ክሩ የተነከረበትን ቀለም፣ የሸማኔውን ስምና ሲሠራ የተቀረጸ ፊልም ታወጣለች። ፊልሙ በየጊዜው መታደስ አለበት። የአንጁሎ አልታደሰም፤ በምን እጁ? ስለዚህ ጅቡቲ ያለው የገዢው ተቆጣጣሪ ሃያ ሻርፖቹን ከመርከብ አስቀራቸው። ካልተጣራ ስሙ ከመዝገብ ይወጣል። ስሙ ከወጣ ደግሞ አንጁሎ ቤት የሚገባ እንጀራ የለም።

“አንተን ያምኑሃል። ሄደህ የእሱ ነው በል” አለኝ ሊቀመንበሩ። በእኛ ወግ የእሱ ነው፤ ውሸት አልመሰለኝም።

ማክሰኞ፣ ከሚሌ ወደ ጋላፊ

የወሰደኝ የሰፈራችን ልጅ ተስፋዬ ነው፤ ከባድ መኪና ይነዳል። ከአዋሽ ወዲያ ሙቀቱ ፊት ለፊት መጣብን።

“አባባ፣ ጋቢውን ያውልቁታ!”

“ራሴ የሸመንኩት ነው።”

“ቢሆንስ? ሙቀቱ ማን ሸመነው ብሎ አይጠይቅም!”

ስቄ አወለቅሁት። ሚሌ ላይ ጥብስ በላን፤ ከፋዩ እሱ ነበር፣ ልክፈል ብለው እሺ አላለኝም። ድንበሩን ካለፍን በኋላ መሬቱ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ሆነ። በመንገዱ ዳር ወጣቶች ቢጫ ጀሪካን ይዘው ወደ ባሕሩ ይሄዳሉ፤ የመን ለመሻገር ነው አለኝ። ፍጥነቱን ቀንሶ ውሃ በመስኮት አቀበላቸው። ስማቸውን አልጠየቅንም።

ረቡዕ፣ ፔካ 12 እና ሃያብለ

ከጅቡቲ ከተማ መግቢያ ያለው የከባድ መኪና ማቆሚያ፣ ፔካ 12 ስንደርስ መኪናው እንደ ከብት ተሰልፎ ቆሟል። ተስፋዬ ወረፋ ያዘና እኔን በሚኒባስ ሃያብለ ሰፈር፣ እህቱ ዘነበች ቤት አደረሰኝ። ቤቷ ቆርቆሮና ጣውላ ነው፤ ውስጡ ግን ጽዱ። ዘነበች አሥራ አራት ዓመት በፈረንጆች ቤት ሠርታለች፤ ፈረንሳይኛው እንደ ውሃ ይወርድላታል። ላስተርጉምልዎ ብላ ከእመቤቷ ግማሽ ቀን አስፈቅዳለች። በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ በሰፊ ቂጣ አቀረበችልኝና፣

“አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ” አለች። “እኔን እዚህ ያቆየኝ ዝምታዬ ነው።”

“ሦስተኛ ክፍል ያልጨረስኩ ሰው ምን እናገራለሁ ልጄ?”

“እኔን የሚያስፈራኝ የተማረ አይደለም፤ ሽማግሌ ነው!”

ሐሙስ፣ ሄሮን

የተቆጣጣሪው ቢሮ ሄሮን በሚባል ሰፈር፣ ከባሕሩ አጠገብ፣ ሰፋፊ በረንዳ ባለው አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ተቆጣጣሪው ዋይስ የሚባል የአገሩ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለ። አንዱን ሻርፕ በስልኩ ሲያነበው አንጁሎ ብቅ አለ። ጤነኛው አንጁሎ፤ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ይበራል።

“ይህ የወጣው ከእሱ እቃ ነው ወይ? ይላል” አለች ዘነበች።

“አዎ፣ ከእሱ እቃ ነው።”

ጻፈ። ሌላ አነሳ፤ ጻፈ። ሊጨርስ ነበር። ከዚያ ጥለቱ ቀይ የሆነውን ብድግ አደረገና ወደ መስኮቱ ወስዶ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰው።

“ከሁሉ ይህ ይበልጣል ይላል። ጠርዙን እንዲህ አድርጎ የሚመልስ ሰው አላየሁም፤ አንጁሎ ትልቅ ባለሙያ ነው ይላል።”

አንጁሎ እኮ ጠርዝ ላይ ይቸኩላል። ዕድሜውን ሙሉ እንደቸኮለ ነው።

“ኧረ እሱማ የእኔ እጅ ነው!” አልኩ።

ዘነበች ዞር ብላ አየችኝ፤ አልተረጎመችም። “ይለፉት አባባ” አለች በቀስታ። እኔ ግን ደረቴን በጣቴ እየመታሁ፣ ጠርዙን እያሳየሁ ነበር። ትርጉም አላስፈለገውም።

ዋይስ አልተቆጣም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሌሎቹን ማን እንደሠራቸው ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ተራችንን፣ ወጋችንን፣ ሁሉንም። ዘነበች ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስተረጎመች። ሲመልስልኝ እንዲህ አለ፤

“መዝገቡ እኮ ለአንድ ጨርቅ አምስት ስም ይቀበላል። ከመጀመሪያው አብረን ነው የሠራነው ብላችሁ ብታስጽፉ ኖሮ አንጁሎም ይኖርበት ነበር። አሁን ግን እሱ ብቻውን ሠራ ተብሎ ተጽፏል። ያንን መዝጋት እንጂ መለወጥ አልችልም፤ ስሙም ፊልሙም ይጠፋል፣ ሻርፖቹም ይመለሳሉ።” ቀጥሎ ቀዩን ሻርፕ አነሳ። “ይህ ብቻ በራስዎ ስም ሊሄድ ይችላል። ልጻፍዎ?”

አይሆንም፣ ከሄዱ አብረው ይሂዱ፣ ካልሆነም አብረው ይመለሱ ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩ። ሻርፑን አስይዞ ቀረጸኝ። ፈገግ ብዬ ነበር፤ እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ያ ፈገግታ ነው።

እሑድ፣ ቤት

አሥራ ዘጠኙን በጆንያ ይዤ ተመለስኩ። ተስፋዬ መንገዱን ሙሉ ሊያስቀኝ ሞክሮ ተወኝ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህ ነው፤ ምልክቷ ወጋችንን አትረዳም ብለን እኛው ደበቅንባት እንጂ የሚነግራት ብታገኝ ትቀበል ነበር። ሊቀመንበሩን አራታችንንም ከአንጁሎ ጋር አስጽፈን ብዬዋለሁ፤ የተዘጋ ስም ተመልሶ መከፈቱን ግን እንጃ ብሎኛል።

አንጁሎ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀምጬ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ የእኔ እጅ ነው ማለቴንም፣ እሺ ማለቴንም። ጥፋቴን ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ የጠየቀኝ ሌላ ነው።

“ፊልሜንስ አጠፉት?”

“አጠፉት።”

ግራ እጁን አንስቶ ቀኙን ጭኑ ላይ አስተካከላት።

“እጄ እዚያ ላይ ትሠራ ነበር” አለ።